ሠላሳ ሰባት ደቂቃ ቀድመን ደርሰናል

እኔ ከምኖርበት ከተማ ኤርፖርት እናቴ እስከምትኖርበት ከተማ ኤርፖርት ያለው ርቀት፣ በአየር ሲለካ፣ አራት መቶ አሥራ ሁለት ኪሎ ሜትር ነው። ከእንቅልፌ ቀስቅሳችሁ ብትጠይቁኝም አልሳሳትም፤ ሥራዬ ነው። አውሮፕላኑ ተነስቶ እስኪያርፍ ሃምሳ አምስት ደቂቃ ይፈጅበታል። ትኬቱ ላይ ግን የበረራ ጊዜ አንድ ሰዓት ከሠላሳ አምስት ደቂቃ ተብሎ ተጽፏል። በመሃል ያለችውን አርባ ደቂቃ የጨመርኳት እኔ ነኝ።

የምሠራው በአንድ አየር መንገድ የበረራ ፕሮግራም ክፍል ውስጥ ነው። ቢሮአችን ሁለት መስኮት፣ አራት ጠረጴዛና አንድ የማይሠራ አየር ማቀዝቀዣ አለው፤ ግድግዳው ላይ ከዳር እስከ ዳር የርቀትና የበረራ ጊዜ ሰንጠረዥ ተለጥፏል። ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት፣ እኔ ስቀጠር፣ አውሮፕላኖቻችን በሰዓታቸው የሚደርሱት በስህተት ብቻ ነበር። መንገደኛው ይጮሃል፣ ጋዜጣው ያብጠለጥለናል፣ አለቃችን በየስብሰባው ላብ በላብ ሆኖ ይወጣል። አንድ ቀን ጠራኝና በሩን ዘጋ።

«አውሮፕላኑን ማፍጠን እንችላለን?» አለኝ።

«አንችልም።»

«ወረቀቱንስ ማዘግየት?»

ወረቀቱን ማዘግየት ቀላል ነበር። በየመስመሩ ላይ አሥር አሥር ደቂቃ ጨመርኩ። ይህችን ጭማሪ በቢሮአችን «ትራስ» እንላታለን፤ አውሮፕላኑ ቢዘገይ እሷ ላይ ጋደም ይላል፣ ማንም አያውቅበትም። ቆየት ብሎ ሌላ አሥር ደቂቃ ጨመርኩ፣ ከዚያም ሌላ አሥር፣ ከዚያም ሌላ። አውሮፕላኑ ያው አውሮፕላን፣ አብራሪው ያው አብራሪ ነው፤ እኛ ግን ከዚያ ወዲህ አርፍደን አናውቅም። የሥራ ባልደረቦቼ «ባለ ትራሱ» የሚል ስም አወጡልኝ። መጀመሪያ ላይ ይከነክነኝ ነበር። አሁንማ በሌላ ስም ሲጠሩኝ ቅር ይለኛል።

ከቢሮው ውጪ ጉዱን ያወቀችብኝ አንዲት ሴት ብቻ ናት፤ እሷም እናቴ።

እናቴ ሠላሳ ዓመት ሙሉ በአውቶቡስ መናኸሪያ ድምፅ ማጉያ ስትናገር ኖራለች። ከትኬት መቁረጫው በላይ ባለች ጠባብ ክፍል፣ ከአንድ ማይክሮፎንና ከአንድ ብርጭቆ ውኃ ጋር ተቀምጣ፣ የትኛው አውቶቡስ በየትኛው በር፣ በስንት ሰዓት እንደሚነሳ ትለፍፋለች። ፊቷን የሚያውቅ ሰው ጥቂት ነው፤ ድምፅዋን ግን ከተማው በሙሉ ያውቀዋል። ገበያ ወጥታ «ቲማቲሙ ስንት ነው?» ስትል አጠገቧ የቆመ ሰው ሻንጣውን ብድግ ያደርግ ነበር።

እሷም የራሷ ትራስ ነበራት፤ ስም አላወጣችለትም እንጂ። ሦስት ሰዓት ላይ የሚነሳውን አውቶቡስ «ሁለት ሰዓት ላይ ይነሳል» ትላለች። «እውነቱን ከነገርኳቸው የሚመጡት አውቶቡሱ ከሄደ በኋላ ነው» ትል ነበር። ቤትም ያው ነው። ትምህርት ቤቱም፣ ሐኪም ቤቱም፣ የዘመድ ሠርጉም በእሷ አፍ ሁልጊዜ አንድ ሰዓት ይቀድማል። እኔና ታናሽ እህቴ ይህን ከጡቷ ወተት ጋር ነው የጠባነው። እናታችን አራት ሰዓት ካለች አምስት ሰዓት ነው ብለን፣ ተረጋግተን፣ የጫማችንን ክር እየፈታን እናስራለን።

ሥራ አግኝቼ ወደዚህ ከተማ ስመጣ ኤርፖርት ድረስ ሸኘችኝ። ትኬቴን ተቀብላ አነበበችና «ሃምሳ አምስት ደቂቃ? ይሄማ ጎረቤት ነው» አለች። ከዚያ ወዲህ በስልክ ሌላ ቃል አልነበረኝም። «ቅርብ ነው እኮ እማዬ፣ ባሰኘኝ ቀን እመጣለሁ» እላታለሁ። ቅርብ ስለሆነም ዘንድሮ ካልሆነ ለከርሞ እያልኩ፣ በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ አራት ጊዜ ሄድኩ። ሩቅ ቢሆን ኖሮ ምናልባት ስድስት ጊዜ እሄድ ነበር።

በሄድኩ ቁጥር ትኬቴን ተቀብላ ታነባለች። መጀመሪያ አንድ ሰዓት ከአምስት ይላል፤ በሁለተኛው አንድ ሰዓት ከሩብ፤ በሦስተኛው አንድ ሰዓት ከሃያ አምስት። በአራተኛው መነጽሯን አውልቃ ትክ ብላ አየችኝ።

«አንተ ልጅ፣ ከተሞቹ እየተራራቁ ነው እንዴ?»

ሳቅኩ። እሷ ግን አልሳቀችም።

«የእኔኑ ዘዴ ነው የሠራህባቸው፤ አይደል?»

ከእሷ ምን ይደበቃል? አመንኩላት። ትኬቱን አጣጥፋ መለሰችልኝና «እኔስ ሰው እንዳያመልጠው ብዬ ነው። አንተ ግን አውሮፕላን ውስጥ አስቀምጠህ ነው የምታስጠብቀው» አለች። ነገሩን ወደ ጨዋታ ቀየርኩትና አለፈ።

ባለፈው ዓመት ድምፅዋ መጎርነን ጀመረ። ጉንፋን ነው ተባለ፣ ብርድ ነው ተባለ፣ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ስትለፈልፍ ኖራ ነው ተባለ። መጨረሻ ላይ አንዲት ሐኪም ጉሮሮዋ ውስጥ እጢ አየች። እጢው ሊወጣ የሚችለው ከድምፅ ሳጥኗ ጋር ነው። «ትድናለች» አለችኝ እህቴ በስልክ። እህቴ ፋርማሲስት ናት፤ ከእናቴ ጋር የምትኖረውም፣ ሐኪም ቤት የምታመላልሳትም እሷ ናት። «ትድናለች ጋሼ፤ ድምፅዋ ግን ይቀራል። ከዚያ በኋላ አትናገርም።»

ያንን ድምፅ አጥቼ መኖርን አስቤው አላውቅም ነበር።  እናቴ ስልኩን ከእህቴ እጅ ተቀበለቻት።

«ሳልገባ በፊት ድረስልኝ» አለች፤ እያንዳንዱ ቃል እየተጎተተ ነው የሚወጣው። «የምነግርህ ነገር አለ።»

«አሁን ንገሪኛ፣ እማዬ።»

«በስልክ አይሆንም። ፊትህን እያየሁ ነው የምነግርህ። ከዚያ ወዲያ አፍ የለኝም፤ ሰማኸኝ?»

«ምን ችግር አለ፣ ቅርብ ነው እኮ...»

«ቅርብ ነው አትበለኝ!»

እህቴ ስልኩን መልሳ ያዘች። «ቀዶ ሕክምናው ማክሰኞ ጠዋት ነው። ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ ያስገቧታል።»

«ሦስት ተኩል ያለችሽ ማናት? እማዬ ናት?»

«አዎ፣ እንዲህ ብለሽ ንገሪው ብላኛለች።»

በቃ፣ ገባኝ። የእናቴ ሦስት ሰዓት ተኩል ማለት አራት ሰዓት ተኩል ማለት ነው።

ሁለት አውሮፕላን ነበር፤ አንዱ ሰኞ ማታ፣ ሌላው ማክሰኞ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ የሚነሳ። ሰው የሆነ ሰው ሰኞ ማታ ይሄዳል። ሰኞ ማታ ግን አየር መንገዳችን የሰዓት አክባሪነት ዋንጫ የሚሸለምበት ምሽት ነበር፤ አለቃዬም «አንተ ከሌለህ ዋንጫው ባለቤት የለውም» ብሎኛል። ቁጭ ብዬ አሰላሁ። የማክሰኞው አውሮፕላን በወረቀት ሦስት ሰዓት ከሠላሳ አምስት ላይ ይደርሳል፤ እኔ ግን ሦስት ሰዓት ሳይሞላ እንደሚያርፍ አውቃለሁ። ከኤርፖርት ሐኪም ቤቱ በታክሲ ሃያ ደቂቃ ነው። እናቴን የሚያስገቧት አራት ተኩል ላይ ነው። ከበቂ በላይ ጊዜ አለኝ። እንዲህ አድርጌ በሁለት ትራስ፣ በራሴና በእናቴ፣ ተደግፌ ተኛሁ።

ዋንጫው ትልቅ ነበር። አለቃዬ ስለ ሠራተኛው ትጋት ንግግር አደረገ፤ እኔም የምስክር ወረቀት ተቀብዬ፣ ደረቴን ነፍቼ ፎቶ ተነሳሁ። ሲያጨበጭቡልኝ ደስ ብሎኝ ነበር፤ ምን ይደበቃል።

ማክሰኞ ጠዋት ሦስት ደቂቃ ዘግይተን ተነሳን። አጠገቤ የተቀመጠው ሰውዬ የሲሚንቶ ነጋዴ ነው፤ ገና ቀበቶውን ሳያስር ንግዱን፣ ልጆቹንና የጉልበቱን ሕመም አጫወተኝ። ሰማዩ ጥርት ያለ ነበር። በሃምሳ አምስተኛው ደቂቃ ጎማው መሬት ነካ። ካፒቴኑ ማይክሮፎኑን አነሳ።

«ክቡራን መንገደኞች፣ ከተያዘልን ሰዓት ሠላሳ ሰባት ደቂቃ ቀድመን ደርሰናል።»

አውሮፕላኑ በጭብጨባ ተናወጠ። ነጋዴው ትከሻዬን መታ መታ አድርጎ «ጎበዝ ናቸው እኮ!» አለኝ። እኔም በትሕትና አንገቴን ሰበርኩ።

ወደ ተርሚናሉ ስንጠጋ፣ መቶ ሜትር ያህል ሲቀረን፣ አውሮፕላኑ ቆመ። ካፒቴኑ እንደገና ማይክሮፎኑን አነሳ፤ አሁን ድምፁ ቀዝቀዝ ብሏል። «ክቡራን መንገደኞች፣ የበረራ ፕሮግራም ክፍል ባወጣው መመሪያ መሠረት፣ ወደ መውረጃው የምንጠጋው ሰዓታችን ሲደርስ ነው። እስከዚያው በመቀመጫችሁ ሆናችሁ እንድትጠብቁ በአክብሮት እንጠይቃለን።»

መመሪያውን አውቀዋለሁ፤ ጉዞዬን ሳሰላ ግን ትዝ አላለኝም ነበር። ትራሱ ከወፈረ ወዲህ አውሮፕላኖቻችን እየቀደሙ ይመጡና፣ መሰላል የሚገፉትና ሻንጣ የሚያወርዱት ሠራተኞች በየትኛው ሰዓት የት እንደሚቆሙ ጠፋቸው። አቤቱታቸው እኔ ጠረጴዛ ላይ ደረሰ። እኔም አንዲት ዓረፍተ ነገር ጻፍኩ፤ «ከተጻፈለት ሰዓት ቀድሞ የደረሰ አውሮፕላን፣ ሰዓቱ እስኪደርስ ባለበት ቆሞ ይጠብቃል» የምትል። ፈረምኩባት፣ ማኅተም መታሁባት፣ ወደ ምሳዬ ሄድኩ።

በመስኮቱ አየሁ። መውረጃው ባዶ ነው። መሰላሉ እዚያው ቆሟል፤ አንድ ሠራተኛ የሻንጣ ጋሪ ላይ ተቀምጦ ብርቱካን ይልጣል።

«ይሄን ያወጣው ደነዝ ማነው?» አለ ነጋዴው።

ብርቱካኑን ማየቴን ቀጠልኩ።

ስልኬን ስከፍት ከእህቴ ሦስት ያመለጡ ጥሪዎች ነበሩ። ሰዓቱ ሦስት ከስድስት ይላል። ደወልኩላት።

«ጋሼ! የት ነህ?»

«ደርሻለሁ፣ ኤርፖርት ነኝ።»

«ተመስገን! በል ታክሲ ያዝና ሩጥ።»

«ገና አውሮፕላኑ ውስጥ ነኝ። አታስቢ፣ እስከ አራት ተኩል...»

«የምን አራት ተኩል?»

«የሚያስገቧት ሰዓት ነዋ። ትክክለኛው።»

 ከበስተጀርባዋ የአልጋ ጎማ ሲንቋቋ ይሰማኛል።

«ሦስት ተኩል ነው ጋሼ። እውነተኛው ሦስት ተኩል ነው። እማዬ "ለዚህስ እውነቱን ንገሪው፣ ከእንግዲህ የምጨምረው ሰዓት የለኝም" ብላኝ ነው የነገርኩህ። አልጋው መጥቷል እኮ።»

 ቀበቶዬን ፈትቼ ወደ ፊት ሮጥኩ። አስተናጋጇ መንገዴን ዘጋችው።

«ይቀመጡልኝ ጌታዬ።»

«የኔ እህት፣ እናቴ ልትታከም ልትገባ ነው። መውረድ አለብኝ።»

«እግዜር ይማርልዎት። ግን መመሪያ ነው።»

«መመሪያውን የጻፍኩት እኔ ነኝ!»

ከእግሬ እስከ ራሴ አየችኝ። «እርስዎ ከሆኑ የጻፉት» አለች ረጋ ብላ፣ «ከእኔ ይልቅ እርስዎ ያውቁታል።»

ሆኖም ሴትየዋ ጨካኝ አልነበረችም፤ ለካፒቴኑ ነገረችው። ካፒቴኑም ምድር ያሉትን ጠየቀ። መልሱ ወዲያው መጣ፤ መመሪያውን ማንሳት የሚችለው የበረራ ፕሮግራም ክፍል ኃላፊ ብቻ ነው። እሱንም እኔው ነኝ የጻፍኩት፤ ማንም እየተነሳ እንዳይሽረው ብዬ። ለአለቃዬ ደወልኩ። ነገሩን ከሀ እስከ ፐ ነገርኩት፤ እየለመንኩ።

«ያሳዝናል» አለ አለቃዬ። እውነትም አዝኗል። «ግን አስበው፤ ዋንጫውን በወሰድን ማግስት? ዛሬ ቀድመን በር ከከፈትን፣ ነገ ሰዉ ሁሉ መንገዱ ሃምሳ አምስት ደቂቃ መሆኑን ሊያውቅ ነው። ስንት ቀረህ? አሥራ አምስት ደቂቃ? ታገሥ ወንድሜ።»

ስልኩን ዘጋሁበት። በአሥራ አንድ ዓመት የመጀመሪያዬ ነበር፤ ምንም አልፈየደልኝም።

ሦስት ሰዓት ከሃያ አምስት ላይ እህቴ ደወለች። «እማዬ ጆሮ ላይ አድርጌልሃለሁ፣ ተናገር» አለች።

«የት ደረስክ?» አለችኝ እናቴ። ሻክሯል፣ ተሰነጣጥቋል፤ ቢሆንም ያው የመናኸሪያው ድምፅ ነው።

«እዚሁ ነኝ እማዬ። መሬት ላይ ነኝ። ተርሚናሉ ፊት ለፊቴ ነው።»

«ታዲያ ምን ትጠብቃለህ?»

«ሰዓቱ እስኪደርስ» አልኳት።

እናቴ ሳቀች። ትንፋሽ እያጠራት፣ ጉሮሮዋ እያፏጨ፣ ከልቧ ሳቀች። እህቴ ከጎኗ ሆና «ኧረ እማዬ፣ ተይ፣ ይጎዳሻል» ስትላት ይሰማኛል።

«ስንት ነበር ያስቀመጥክበት?» አለች ሳቋን ስትጨርስ።

«አርባ ደቂቃ።»

«ይበልህ!»

«እማዬ፣ በእናትሽ፣ የምትነግሪኝን አሁን ንገሪኝ። በስልክም ቢሆን።»

«ፊትህን እያየሁ ነው ያልኩህ። ሐኪሟን አሥር ደቂቃ ለምኛታለሁ።» ትንፋሿን ሰበሰበች። «ና በቃ።»

ስልኩ ተዘጋ። ወንበሬ ላይ ተመልሼ እንደ ሕፃን አለቀስኩ። የሲሚንቶ ነጋዴው ምንም ሳይጠይቀኝ መሐረቡን ሰጠኝ፤ ከዚያ ያንን መመሪያ ያወጣውን ሰው ስለ እኔ ብሎ እንደገና ረገመልኝ።

ሦስት ሰዓት ከሠላሳ ሁለት ላይ ብርቱካን የሚልጠው ሠራተኛ እጁን ጠራርጎ ተነሳ። ሦስት ሰዓት ከሠላሳ አምስት ላይ፣ አንዲት ደቂቃ ሳታልፍ፣ በሩ ተከፈተ። አስተናጋጇ በሩ ላይ ቆማ «ሰዓት አክባሪውን አየር መንገዳችንን ስለመረጡ እናመሰግናለን» ትላለች። ዓይኖቿን መሬት ላይ ተክላ ነው ያሳለፈችኝ።

ታክሲው በረረ ማለት ይቻላል። ሐኪም ቤቱ ደረጃ ላይ ስወጣ አራት ሰዓት ሊሆን አንድ ደቂቃ ቀርቶት ነበር። እህቴ ኮሪደሩ ላይ ቆማለች፤ በአንድ እጇ ስልኳን፣ በሌላው የእናቴን መነጽር ይዛለች።

«እስከ ሦስት ከአርባ ጠበቁህ» አለችኝ። «ሐኪሟ ሌላ ሁለት ደቂቃ ጨመረችላት። እማዬ ራስዋ ናት በቃ ግቡ ያለቻቸው።»

አልተቆጣችኝም። ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

ሕክምናው ተሳካ። ሐኪሟ ወጥታ ሁሉም በሰዓቱ እንደተጠናቀቀ ስትነግረን እህቴ አቅፋት አለቀሰች። እኔ «በሰዓቱ» የሚለውን ቃል ስሰማ ወደ መስኮቱ ዞርኩ።

በአራተኛው ቀን እናቴ ትራስ ተደግፋ ቁጭ አለች። አንገቷ ላይ ነጭ ፋሻ አለ። ነርሷ ትንሽ ነጭ ሰሌዳና እስክሪብቶ ሰጥታታለች። እኔ ስገባ መነጽሯን አደረገችና ፊቴን አገላብጣ አየችው፤ ለረጅም ጊዜ። ከዚያ እጇን ዘረጋች። ምን እንደፈለገች ለመረዳት ጊዜ ወሰደብኝ፤ ትኬቴን ነው። ከኪሴ አውጥቼ ሰጠኋት። አነበበችው፣ ራሷን ነቀነቀች፣ ሰሌዳው ላይ «እውነቱ ስንት ነው?» ብላ ጻፈች።

«ሃምሳ አምስት ደቂቃ» አልኳት። «ያው እንደ ድሮው ነው።»

«ይሄማ ጎረቤት ነው» ባለችበት ቀን እንዳደረገችው ፈገግ አለች። ወንበሬን ሳብ አድርጌ ተጠጋኋት፤ ፊቴን በደንብ እንድታየው።

«እማዬ፣ ይኸው መጣሁ። ምን ነበር ልትነግሪኝ የፈለግሽው?»

እስክሪብቶውን አነሳች። አንድ መስመር ጻፈች፣ እኔ ሳላየው በመዳፏ አጠፋችው። እንደገና ጀመረች፣ እሱንም አጠፋችው። ከንፈሯ ሁለት ጊዜ ተንቀሳቀሰ፤ ምንም አልወጣም። በመጨረሻ ቀስ ብላ፣ ፊደሎቹን አስተካክላ ጻፈችና ሰሌዳውን ወደ እኔ አዞረችው።

«በአፍ የሚባል ነበር።»

ከዚያ እስክሪብቶውን ከድና ሰጠችኝ።